መጨረሻው የታወቀ ታሪክ በተከታታይ ድራማ ውስጥ እንዴት ልብ ይሰቅላል?

የጦሳ ሥር ነዋሪ (ደሴ)

ለሁላችሁም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ደሴ ውስጥ ለጽሑፍና ለመድረክ ፍቅር ያለን አምስት ሰዎች ተሰባስበን በወሎ ታሪክ ላይ የቆመ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ መጻፍ ከጀመርን ስምንት ወር ሆኖናል። እስካሁን የሦስት ክፍል ጽሑፍ በእጃችን አለ፤ ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ቤቴ ውስጥ የሆነ ነገር የጻፍነውን ሁሉ እንደገና እንድመረምር ስላስገደደኝ ምክራችሁን ለመጠየቅ መጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ዒሻ ከሰገደች በኋላ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የቱርክ ታሪካዊ ድራማ ሳታይ አትተኛም። ስለ ኦቶማን መንግሥት አነሣሥ ተምራ የምታውቀው ነገር የለም፤ ሆኖም የእያንዳንዱን ሎሌ ጠባይ ለይታ ታውቃለች፤ ማን ለማን እንደሚያደባ አስቀድማ ትናገራለች፤ መብራት የጠፋ ዕለት ያመለጣትን ክፍል በማግሥቱ ቡና ላይ ከጎረቤት ሴቶች ጠይቃ ትሞላዋለች። እኔም ደስ ይላታል ብዬ ስለ ራሳችን ነገሥታት በአገራችን የተዘጋጀ አንድ ሥራ በስልኬ ጭኜ አመጣሁና ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ ከፈትኩላት። ልብሱ ያማረ ነበር፤ ፈረሱም ጋሻውም አልጎደለም። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እናቴ ወደ ማድቤት ሄደች፤ ታናሽ እህቴ ስልኳን አወጣች። አያቴ ግን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካየች በኋላ ሙስበሃዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ቆመው ብቻ ነው እንዴ የሚነጋገሩት? የሚገቡበት ቤት የላቸውም?» ስትል ጠየቀችኝ።

የምመልስላት አጣሁ። ያን ሌሊት የራሳችንን ጽሑፍ አውጥቼ ሳነብ የእኛም ሰዎች በሦስቱም ክፍሎች አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልተቀመጡ አየሁ። የመጀመሪያው ክፍላችን የሚከፈተው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በተደረገው የሰገሌ ጦርነት ነው። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ዙፋን ሲሉ ከወሎ ዘምተው የተማረኩበትን ዕለት በፈረስ ግልቢያና በጥይት እሩምታ ብንጀምረው ተመልካቹ ከመቀመጫው አይነሣም ብለን ነበር። አሁን ግን ተጠራጠርኩ። ንጉሥ ሚካኤል እንደሚሸነፉ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን እንደሚሠዉ፣ የዓድዋ ዘመቻ በድል እንደሚያልቅ የማያውቅ ተመልካች የለንም። ታዲያ ፍጻሜው አስቀድሞ የታወቀን ታሪክ ሰው በየሳምንቱ እየናፈቀ እንዲጠብቀው የሚያደርገው ምንድን ነው? በታሪክ መዝገብ ላይ የሌለውን ነገር ፈጥረን መጨመር የምንችለውስ እስከ ምን ድረስ ነው?

የወረኢሉ መምህር

ከሠላሳ ዓመት በላይ ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የአያትዎ ጥያቄ ነገሩን ከሥሩ ስለነካው መልሴን ከእሱ እጀምራለሁ።

ዜና መዋዕል የሚጻፈው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ጸሐፊው ማን እንዳሸነፈ ስለሚያውቅ አሸናፊውን ገና ከልጅነቱ ሊያሸንፍ እንደ ተወለደ አድርጎ ይተርከዋል። ታሪካዊ ድራማ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ይህንኑ የዜና መዋዕል ዓይን እንዳለ ስለሚወስድ ነው፤ ባለታሪኮቹ ነገ የሚሆነውን አስቀድመው ያወቁ ይመስል ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቃል እንጂ አጠገባቸው ላለው ሰው የሚነገር ቃል ከአፋቸው አይወጣም። አያትዎ «ቆመው ይነጋገራሉ» ያሉት ይህንን ይመስለኛል። ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ይተክዛል፤ ሚስቱን ያማክራል፤ ወደ ሼሁ ወይም ወደ ነፍስ አባቱ ሰው ይልካል፤ እህል አልበላ ብሎት ማዕዱን ይገፋል። ተመልካችን የሚይዘው ያ ሰዓት ነው።

በክፍል ውስጥ ለዓመታት ያየሁትን ልንገርዎ። ስለ መቅደላ ሳስተምር የእንግሊዝን ጦር ብዛትና ከህንድ ተጭነው የመጡትን ዝሆኖች ስዘረዝር ተማሪዎቼ ራሳቸውን አቀርቅረው ይጽፉ ነበር። ብዕራቸውን አስቀምጠው ዓይን ዓይኔን የሚያዩኝ ወደ ወይዘሮ ወርቂት ስደርስ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ሃያ አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላቸው ወጣት ነበሩ። አሥር ዓመት ገደማ መቅደላ ላይ ከኖሩ በኋላ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ የሆነችውን ሚስታቸውን ትተው ከአምባው አመለጡና በወሎ የወረ ሂማኖ ገዢ ወደ ነበሩት ወደ ወይዘሮ ወርቂት ሰፈር ደረሱ። የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ደግሞ በዚያው አምባ ላይ በቴዎድሮስ እጅ እስረኛ ነበር።

እስቲ በዚያች ሰዓት ውስጥ ይግቡ። እንግዳው ከደጅ ነው። ይዘው ቢመልሱት ልጃቸውን ሊያስለቅቁበት ይችሉ ይሆናል፤ መንገድ ሰጥተው ቢያሳልፉት የሸዋን ወዳጅነት ያተርፋሉ፤ የልጃቸው ነፍስ ግን አምባው ላይ ነው። ጊዜም የላቸውም፤ የምኒልክ መኝታ ባዶ መሆኑ ሲነጋ መታወቁ አይቀርም። ታሪክ የሚነግረን ወርቂት ምኒልክን አሳልፈው እንዳልሰጡ፣ ልጃቸውም እንደ ተገደለ ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይህ ሁለት መስመር አይሞላም። በተከታታይ ድራማ ግን ሁለት ሙሉ ክፍል ይፈልጋል፤ እንግዳውን እጅ ያስታጠበው ማን ነው? ወርቂት ያን ሌሊት ለማን አማከሩ? ለእንግዳው ማዕድ ሲቀርብ አብረው ቆረሱ ወይስ ሲበላ ዝም ብለው አዩት? ተመልካቹ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት እንደሚሆኑ ማወቁ እዚህ ላይ ምንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ያ ዘውድ አንዲት እናት ምን ከፍላበት እንደ ተገኘ ስለሚያይ ጭንቀቱ ይብሳል። ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ እንዴት አስቻላቸው የሚለውን ግን አያውቅም፤ የሚቀጥለውን ሳምንት የሚጠብቀውም ለዚህ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ሰገሌም አንድ ነገር ልበል። ተከታታይ ድራማ በሁለት ሰዓት ፊልም ላይ ያለው ትልቁ ብልጫ ሰው ሲለወጥ ለማሳየት ጊዜ ያለው መሆኑ ነው። ንጉሥ ሚካኤል በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስና ምኒልክ በተገኙበት የሃይማኖት ጉባኤ ዘመን ገና መሐመድ ዓሊ የሚባሉ የወሎ መኮንን ነበሩ። ከዚያ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ የምኒልክን ልጅ አግብተው ኢያሱን ወለዱ፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ዘመቱ፤ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ በ1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተማረኩ። ይህ የአርባ ዓመት መንገድ ነው። ሰገሌን መጀመሪያ ካሳዩን የምናየው የተሸነፈ አንድ ሽማግሌ ነው። ሠላሳ ክፍል አብረናቸው ከኖርን በኋላ ካሳዩን ግን ልጁን ሊያድን የሚሄድ አባት እናያለን፤ እንዳይሄዱም በልባችን እንለምናቸዋለን።

ወሎ ለዚህ የሚሆን ሌላም ሀብት አላት። ሼህ ሁሴን ጅብሪል ስለ መጪዎቹ ነገሥታት ተናገሩ እየተባለ በቃል የሚወርደውን ግጥም ያልሰማ የለም። ትንቢት በድራማ ውስጥ ሲገባ ባለታሪኩም እንደ ተመልካቹ ፍጻሜውን በጭላንጭል ያያል፤ እያወቀም ወደዚያው ይሄዳል። ይህንን አስቡበት።

ሐይቅ ዳር

እኔ የልብስ ስፌትና የጥልፍ ባለሙያ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ ያህልም ለቲያትር ልብስ አዘጋጅቻለሁ። የአያትህን ጥያቄ ግን መምህር ከተረጎሙት ይልቅ ቃል በቃል ልውሰደው፤ የሚገቡበት ቤት የላቸውም ወይ ብለዋልና ስለ ቤቱ እንነጋገር፣ ወንድሜ።

በቱርኮቹ ድራማ ውስጥ ሰዎቹ ከጦርነት ሲመለሱ የሚገቡበት ድንኳን አለ፤ በድንኳኑ ውስጥ ምንጣፍ የሚሠራበት ዕቃ፣ የሚፈላ ድስት፣ የሚገላመጥ ዘመድ አለ። አያትህ የሚያውቁት ዓለም ነው። የእኛዎቹ ግን ገና ከባለሙያ እጅ የወጣ ካባ ለብሰው ማንም ኖሮበት በማያውቅ አዳራሽ ውስጥ ይቆማሉ። ከወረ ሂማኖ እስከ ሸዋ በበቅሎ የተጓዘ ሰው የሸማው ጠርዝ እስከ ጉልበቱ አፈር ይመስላል፤ ኩታው ትከሻው ላይ ጠመንጃ በሚያነግትበት በኩል ይሳሳል። እኔ ለመድረክ ሥራ ሸማውን ሆን ብዬ በአመድና በቡና አተላ ስነክር «ለምን ታቆሽሺዋለሽ?» ብለው የተቆጡኝ ነበሩ። ንጉሥ ሲሆን ነጭ፣ ድሃ ሲሆን ቡላ መልበስ አለበት የሚል ሐሳብ ነበራቸው። የተመልካች ዓይን ግን አይታለልም፤ በስፌት መኪና የተዘመዘመ ጠርዝ በቴዎድሮስ ዘመን ሰው ላይ ሲያይ ምክንያቱን ባይናገረውም እምነቱ ይጎድላል።

የቡናን ነገር እንደ ምሳሌ ላንሣ። በወርቂት ዘመን ቡና በክርስቲያኑ ቤት እንደ ዛሬው አይጠጣም ነበር፤ ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ ይታይ ስለ ነበር በሰፊው የተፈቀደው ኋላ በምኒልክ ዘመን ነው። ስለዚህ በ1857 ዓ.ም. በአንድ የሸዋ መኳንንት ቤት ረከቦት ዘርግታችሁ ብታሳዩን ስሕተት ይሆናል፤ ወይዘሮ ወርቂት ቤት ግን ቡናው በቦታው ነው። አሁን ይህችን ትንሽ እውነት ወደ መምህር ትዕይንት አምጧት። ለክርስቲያኑ እንግዳ ስኒ ይቀርብለታል። ይጠጣዋል ወይስ አይጠጣውም? ልጇ የታሰረባት ሴት ፊት ለፊት ተቀምጣ እጁን ታያለች። ጥይት ሳይተኮስ፣ አንድም ፈረስ ሳትከራዩ ክፍሉ በዚህ ሊሞላ ይችላል። የቤት ዕቃ ለጌጥ ብቻ የሚደረደር አድርገን እናየዋለን እንጂ የታሪኩን ክብደት ሊሸከም ይችላል።

ሌላው ዛፉ ነው። የምትቀርጹበትን ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት የጦሳን ተዳፋት ቀና ብላችሁ እዩት፤ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ በምኒልክ ዘመን ስለሆነ ቴዎድሮስን በባሕር ዛፍ መሐል ማስኬድ አይገባም። ጽድ ያለበት ቦታ ፈልጉ፤ የጎፍ ተራራ ላይ አሁንም ይገኛል።

የመጨረሻው ነገር ሥራን ማሳየት ነው። ሴቫስቶፖል የተባለው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ተቀልጦ ወደ ሰባት ቶን የሚጠጋ ክብደቱን ሰዎች በጠፍር እየጎተቱ፣ ቋጥኝ እየፈነቀሉ መንገድ እየጠረጉ ለወራት ደክመው ነው መቅደላ ያደረሱት። ንጉሡም ከጥርጊያው ሥራ አልራቁም። መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ። ወጥቼ አይቼዋለሁ፤ መዳፌን ሳሳርፍበት ከጠዋቱ ብርድ የተነሣ ወደ ኋላ ሳብኩት፤ ወደ መጣሁበት ገደል ዞሬ ሳይም ይህ ብረት በዚያ መንገድ እንዴት ወጣ የሚለውን ማመን አቃተኝ። ታሪካዊ ድራማ ሳይ የምፈልገው ያን መዳፌ ላይ የተሰማኝን ነገር ነው። የጦርነቱን ቀን ሁሉም ይቀርጸዋል፤ ጠፍር ትከሻውን የላጠው ሰው ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ጓደኛውን ቅቤ ሲያስቀባ ያሳየን ግን አላየሁም።

የኮምቦልቻ ተመልካች

የሁለታችሁንም ምክር በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ስለ ቡናው የተጻፈውን ለባለቤቴም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። በአንድ ነገር ግን ከመምህሩ ጋር አልስማማም። «ወደዚያች ሰዓት ይግቡ» ማለት ቀላል ነው፤ የሚገባው ሰው የራሱን ወገን ይዞ ይገባል።

ልጅ ሳለሁ አባቴ አንድ ታሪካዊ ቲያትር ሊያሳየኝ ይዞኝ ሄደ። በዚያ ሥራ ውስጥ ከወሎ የተነሣው ሠራዊት ስም የሌለው፣ የሚጮህ፣ ሲተኮስበት የሚሸሽ ሕዝብ ነበር። ከዚያ ሠራዊት ውስጥ የአባቴ አያት ነበሩበት። አባቴ ምንም አልተናገረም፤ እጄን ይዞ በዝግታ ወጣን፤ ከዚያ በኋላ ቲያትር ቤት ገብቶ አያውቅም። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ወንድም መስጊድ፣ ወንድም ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ የቦሩ ሜዳን ጊዜ ስትጽፉ ክርስትና የተነሡትም፣ እንደ ሼህ ጦልሃ እምቢ ብለው የታገሉትም የልጅ ልጆች አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ነው የሚያዩት። አንደኛው አንገቱን የሚደፋ ከሆነ ድራማው ለሌላው ምንም ያህል ቢጥም ተበላሽቷል።

እንዳትፈጥሩ ለማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተሠራው «ዴ ጃንግ ገም» የተባለው የኮሪያ ድራማ ሃምሳ አራት ክፍል ያለው ሲሆን መነሻው ስለ አንዲት የንጉሥ ሐኪም በኮሪያ ቤተ መንግሥት መዝገብ ላይ በጥቂት ቦታዎች የሰፈረ አጭር ቃል ነው። ቀሪውን ደራሲዎቹ ፈጠሩት፤ ማንንም አልበደሉም፤ ምክንያቱም መዝገቡ ዝም ያለበትን ሞሉ እንጂ መዝገቡ የተናገረውን አልገለበጡም። እ.ኤ.አ. በ2019 የቀረበው «ቼርኖቤል» ደግሞ በብዙ ሳይንቲስቶች ፈንታ አንዲት ልብ ወለድ ሴት አስገብቶ፣ በመጨረሻው ክፍል መዝጊያ ላይ እሷ የብዙዎች ምትክ እንደሆነች በጽሑፍ ለተመልካቹ ተናግሯል። እናንተም የፈጠራችሁትን እንዲሁ በግልጽ ንገሩን።

ከሁሉ በላይ ግን መምህር ስለ ወርቂት ሲጽፉ አንድ ሰው ረስተዋል። ያን ዕለት ጠዋት አምባው ላይ የነበሩት ቴዎድሮስስ? ምኒልክን ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደ ልጃቸው አሳድገዋቸዋል፤ የገዛ ልጃቸውን ድረውላቸዋል። ያ ልጅ ሌሊት ትቷቸው፣ ልጃቸውንም ትቶባቸው ወደ ጠላታቸው ቤት ገባ። እስረኛውን መግደላቸው ጭካኔ ነው፤ ጭካኔውን ልትደብቁልን አይገባም። ነገር ግን ያ ትእዛዝ ከአንድ ክፉ ሰው አፍ ብቻ የወጣ ሆኖ ከቀረበ ግማሹ ታሪክ ጠፍቷል። በአንድ ጠዋት አንድ አባት ላይ፣ አንዲት እናት ታች፣ ሁለቱም ልጅ አጡ። እኔ ባላንጣው የራሱ እውነት የሌለውን ድራማ ሁለተኛ ክፍል አላይም።

የወረኢሉ መምህር

ልክ ነዎት። ይህን ታሪክ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ከአምባው ግርጌ ሆኜ ነው ያየሁት፤ ከላይ ሆኜ አይቼው አላውቅም። አባትዎ ስላጋጠማቸው ነገርም ከልቤ አዝኛለሁ።

የይስማ ንጉሥ ጎረቤት

እኔ ስለ ንግግሩ ብቻ ልጨምር። የታሪክ ሰዎቻችን በድራማ ውስጥ እንደ ዜና አንባቢ ይናገራሉ፤ ይህ የጥንት አማርኛ አይደለም። የቴዎድሮስን ደብዳቤዎች ያነበበ ሰው አጭርና ቀጥተኛ የሆነ፣ ቁጣውም ትካዜውም የሚሰማ አነጋገር ያገኛል። በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ የምኒልክ የክተት አዋጅ «ወረይሉ ከተህ ላግኝህ» ሲል ወደ ዓድዋ የሚዘምት አንድ የአካባቢያችን ገበሬ ከሚስቱ ሲለይ ስለ አገር ክብር ንግግር አድርጎ ይወጣል ብዬ አላምንም። «ላሚቱ ብትወልድ ጥጃውን እንዳትሸጪው» ይላል፤ እሷም «አብሽር» ትለዋለች። ይህን የሰማ ተመልካች ያ ሰው መመለሱንና አለመመለሱን ሳያውቅ አይተኛም፤ ስለ ዓድዋ ድል ቢያውቅም ስለዚያ ጥጃ አያውቅምና።

ቋንቋ ራሱ የድራማው ልብ ሊሆን እንደሚችልም የእኛው ቀበሌ ምስክር ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚህ አምባሰል ውስጥ የተፈረመው የውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል የጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ጦርነት ያመጣ አንድ ግስ ነው። ጸሐፊው ብዕሩን ነክሮ ያን ቃል ሲጽፍ፣ ከጎኑ ያለው ጣልያናዊ ሲያየው፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ጸጥታ ከመድፍ ይበልጣል። ሰው ለማይሰማው ቋንቋ ትዕግሥት የለውም የሚሏችሁንም አትስሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የቀረበው «ሾገን» አሜሪካውያን ያዘጋጁት ሆኖ አብዛኛው ንግግሩ በጃፓንኛ ነበር፤ በዚያው ዓመት አሥራ ስምንት የኤሚ ሽልማት ወስዷል። ስለዚህ በታሪካችሁ ውስጥ ኦሮምኛ የሚናገር ሰው ኦሮምኛ ይናገር፤ መንዙማውም በዓረብኛውና በአማርኛው እንደሚባለው ይባል። ሙዚቃውንም ከውጭ አታምጡ፤ አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን የያዙት ከዚሁ አገር ነው።

የጦሳ ሥር ነዋሪ (ደሴ)

ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ አምስታችን ተሰብስበን መልሶቻችሁን አንድ በአንድ አነበብናቸው። ከጓደኞቻችን አንዱ ሰገሌን ከመጀመሪያው ክፍል ማውጣት አልዋጥ ብሎት እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከረ፤ የኮምቦልቻው ወንድማችን ስለ አባቱ የጻፈውን ስናነብ ግን ዝም አለና ገጾቹን ራሱ ሰብስቦ ወደ ኋላ አደረጋቸው። ሰገሌ የመጨረሻው ክፍል ሆኗል፤ ከወሎ የሚዘምተው ሠራዊት ውስጥም ስምና ቤት ያላቸው ስድስት ሰዎች ይኖራሉ።

የመጀመሪያው ክፍል አሁን በወይዘሮ ወርቂት ቤት በቡና ይከፈታል። እየተፈራረቅን ከታች የእናትየዋን ቤት፣ ከላይ የንጉሡን ድንኳን እንጽፋለን፤ ሁለቱ ሳይገናኙ አንድ ጠዋት ይነጋባቸዋል። ምኒልክ ስኒውን ይቀበላሉ ወይስ አይቀበሉም የሚለው ላይ ግን ገና አልተስማማንም። እኔ ተቀብለው ሳይጠጡ በእጃቸው ይዘውት የሚቆዩ ይመስለኛል።

የጻፍነውን ትዕይንት ዛሬ ጠዋት ለአያቴ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝና ስጨርስ «ልጁ የታሰረባት ሴት አቦሉን ራሷ አትቀዳም፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ለሠራተኛዋ ስጧት» አለች። አስተካክለነዋል። የሐይቋ እህታችን ስለ ልብሱ ምክር እንድትሰጠን ፈቃዷ ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት መጥተን ልናገኝሽ እንወዳለን፤ ረቂቁን ይዘን እንመጣለን።